የሰው አገር ፀሐይ

ግንቦት ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ስልኬ ጠራ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤታቸውን በኮምፒውተር የሳልኩላቸው እናት ናቸው። ደህንነቴን ጠየቁ፣ የልጆቼን ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ያ ጥላ የት ሄደ?" አሉኝ።

የትኛው ጥላ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ከጀርባው፣ በሰሜን በኩል፣ ጣሪያ የሌለው ሰፊ ቴራስ አለው። እኔ በሠራሁት ሥዕል ላይ ቴራሱ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። ሁለት ወንበር፣ ረከቦትና ጀበና አስቀምጬበታለሁ። ያን ጊዜ እትዬ ሥዕሉን ሲያዩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው "በቃ፣ ቡናዬን የማፈላው እዚህ ነው" ብለው ነበር። ቤቱ እንደ ሥዕሉ ተሠራ። መስኮቱም፣ ድንጋዩም፣ ደረጃውም። ያልተሠራው ጥላው ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ቴራሱ ምጣድ ሆኗል።

የዚያኑ ማታ የድሮውን ፋይል ከፈትኩት። የስኬችአፕ ፋይል ነው፤ ቤትን በሦስት አቅጣጫ የምንሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም። የጥላውን ሴቲንግ ስፈታትሽ ዓይኔ የቦታው ስም ላይ አረፈ። ቦልደር፣ ኮሎራዶ ይላል።

ስኬችአፕን የፈጠረው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1999 የተመሠረተው እዚያች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ነው። እኔ በምሠራበት ቨርዥን፣ ቦታ ካልሰጣችሁት ፕሮግራሙ የትውልድ መንደሩን ፀሐይ ያበራላችኋል። እኔ ደግሞ የቤቱን ሰሜን በጥንቃቄ አዙሬ፣ የግድግዳውን ድንጋይ አንድ በአንድ መርጬ፣ ፀሐይዋን ግን ከሰው አገር ተውሼ ቁጭ ብያለሁ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቦልደር ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትቆመው። ከቤት በስተሰሜን ያለ ነገር በቀትር ሁሌም የቤቱን ጥላ ያገኛል። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ ጋ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ልክ አናታችን ላይ ትወጣለች። በሁለቱ መሃል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ሰኔ 14 ቀትር ላይ ግቢያችሁ ውስጥ ብትቆሙ፣ ደመናው ከፈቀደላችሁ፣ ጥላችሁ ወደ ደቡብ ሲወድቅ ታያላችሁ።

በሜትር ላስቀምጠው። 7 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀትር ቦልደር ውስጥ ከ10 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። እዚህ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት 3 ሜትር ተኩል አይሞላም። ግንቦት ላይ ደግሞ በሰሜን በኩል ያለው ጥላ ጭራሽ የለም። እትዬ ቡናቸውን ሊያፈሉበት ያሰቡት ጥላ አዲስ አበባ ውስጥ ያልነበረ፣ ሊኖርም የማይችል ጥላ ነበር።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ሞከረ። "ሰኔ ከገባማ ደመና ነው፣ ማን ያየዋል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክረምቱ ያድነናል። ግን ሚያዝያና ግንቦትን ማን ያድናቸዋል? ደግሞ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ጥላ እኔ ራሴ ወድጄዋለሁ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ረጅም፣ መጽሔት ላይ የምናየው ዓይነት ጥላ ነበር። "ይሄ ጥላ ከየት መጣ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ካማረ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ሞዴል ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቦታ መስጠት ነው። ከቦታ ቀጥሎ ሰዓት ይመጣል፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። አንዴ ቢሮ ውስጥ ለሚረዳኝ ልጅ "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አድርገህ ሬንደር ላከው" ብዬ ወጣሁ። ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ የሞዴሉን ብርሃንና ጥላ አስልቶ ሥዕል ሲያደርገው ነው። ልጁ ፕሮግራሙ ላይ 3 ሰዓት ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አድሮ ጠዋት ያስረከበን ድቅድቅ ያለ ጥቁር ሥዕል ነው። ለእሱ 3 ሰዓት ማለት ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ልጁ "ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን?" እያለ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ሰዓቱን በትክክል ብትሰጡት እንኳን ትንሽ የሚያስገርም ነገር አለ። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው። መስመሩ የሚያልፈው በምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልል በኩል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ መስመር በስተምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ ዘግየት ብላ ነው የምትደርስላት። በአማካይ ፀሐይዋ ከፍተኛው ቦታ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ከ25 ገደማ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ከዚያም ትዘገያለች። 25 ደቂቃ ማለት ፀሐይ ከ6 ዲግሪ በላይ የምትሄድበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ራሱ ያሰላዋል፤ ከእናንተ የሚፈልገው ቦታውንና የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ ራሷ ልምጣ። ይህን የተማርኩት ከኮምፒውተር አይደለም።

ያደግኩበት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ያረጀ፣ ሚስማሩ የወለቀ ቆርቆሮ። ከሰዓት በኋላ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል። እናቴ "ዝናብ ሲመጣ የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው" እያለች በጠመኔ ምልክት ታደርግበት ነበር። እኔ ግን ግራ የሚገባኝ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም። አንዱ የተሰነጠቀ ነው፣ ሌላው ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ወለሉ ላይ ግን ሁሉም ክብ ናቸው። ለምን?

መልሱን ያየሁት ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር። ላሊበላ ላይ ፀሐይ በግርዶሽ እንደ ቀለበት የሆነችበት ቀን። አዲስ አበባ ላይ ቀጭን ጨረቃ መሰለች። ሰው ሁሉ መነጽር ሲሻማ እኔ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ መሬቱን አየሁ። በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ነጠብጣብ ሁሉ፣ በመቶ የሚቆጠረው፣ ማጭድ ማጭድ ሆኗል። ያ የልጅነቴ ክብ ነገር ለካ የፀሐይዋ ሥዕል ነበር። ቀዳዳው ሌንስ ሆኖ፣ ወለሉ ስክሪን ሆኖ።

ይህ ከሬንደር ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገሩ ነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም። ከምድር ስናያት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ስፋት አላት። በዚህ ምክንያት የጥላ ጫፍ ከሚጥለው ነገር በራቀ ቁጥር ይደበዝዛል፤ በየሜትሩ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። የበር እጀታ በሩ ላይ የሚጥለው ጥላ ምላጭ ነው። የጣሪያው ጫፍ 6 ሜትር ወርዶ መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ግን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ጠርዝ አለው። አንድ ሥዕል ላይ ሁሉም ጥላ እኩል ምላጭ ከሆነ ዓይን "ውሸት ነው" ይላል፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ። ብዙ ሰው ደግሞ ለስላሳ ጥላ ያምራል ብሎ ፕሮግራሙ ላይ የፀሐይዋን መጠን አምስት ስድስት እጥፍ ያሳድጋታል። ያኔ ጠራራ ፀሐይ ላይ የደመና ቀን ጥላ ይመጣል። እኔ ቁጥሩን አንድ ላይ ነው የምተወው። በጣም ካስቸገረኝ ሁለት።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይዋ ትቆነጥጣለች፣ ጥላው ይጠቁራል። ቪሬይ በሚባለው የሬንደር ፕሮግራም ላይ ተርቢዲቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ የአየሩን ጉም፣ አቧራና ጭስ የሚወክል ነው። ከ2 እስከ 20 ይሄዳል። ለጥቅምት ሰማይ፣ ዝናቡ ሁሉን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ 2 ወይም 2.5 እሰጠዋለሁ። ለመጋቢት አቧራ 4 ወይም 5። ይህ የእኔ ዓይን የነገረኝ ነው፣ ሕግ አይደለም። ለማንኛውም ከጣሪያ ላይ ሆናችሁ እንጦጦን ተመልከቱ። ባህር ዛፉ አንድ በአንድ ከታያችሁ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት።

ሰማይን በፎቶ መተካትም ይቻላል። ኤችዲአርአይ የሚባለው፣ ዙሪያውን የሚሸፍን፣ ከጨለማ እስከ ፀሐይ ድረስ ያለውን የብርሃን ልክ የያዘ ፎቶ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን አንዴ የአንድ ሕንፃ ሥዕል አስረክቤ ደንበኛው አጉልቶ አየና "መስታወቱ ላይ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን የየት ነው?" አለኝ። ሾጣጣ ጣሪያ ያለው፣ ከአውሮፓ የሆነች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚህም ላይ የሰው አገር ሰማይ!

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውጪ ነው። የቤት ውስጥ ብርሃን ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ብዙ ያለቀስኩትም እዚያ ነው።

የመጀመሪያዬን ሳሎን ስሠራ 43 መብራት አስገብቼ ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ጂፕሰሙ ውስጥ መብራት፣ መጋረጃው ጀርባ መብራት፣ ሶፋው ሥር መብራት፣ ማዕዘኑ ጨለመ ብዬ ደግሞ የማይታይ መብራት። ውጤቱ የሠርግ አዳራሽ ሆነ። ምንም ጥላ የለም። ሶፋው ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን የተንሳፈፈ ይመስላል።

ያወጣኝ ነገር የገዛ ክፍሌን መቅዳት ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ባዶ ሳጥን ሠርተው ነበር። ዛሬ ሙያተኛው ሁሉ የሚያውቃት፣ አንድ ግድግዳዋ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ላይ አንድ መብራት ያላት ሳጥን። እውነተኛውን ሳጥን ለክተው፣ ኮምፒውተሩ ካሰላው ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩት ነበር። ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው። እውነቱ አጠገብህ ከሌለ ምን እንደተሳሳትክ በምን ታውቃለህ?

ስለዚህ የተከራየሁትን ክፍል ለካሁ። አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ ጣሪያው መሃል አንድ አምፖል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ። እንደዚያው ሞዴል አደረግኩት። የማይታዩትን መብራቶች በሙሉ አጠፋሁ። ዕቃውን ሁሉ ግራጫ አለበስኩት፤ ቀለም ሳያታልለኝ ብርሃኑን ብቻ እንዳይ። ፀሐይ፣ ሰማይ፣ መስኮት። በቃ።

ሬንደሩ ጨለማ ነበር። እጄ ወዲያው መብራት ሊጨምር ተነሳ። ከዚያ ግን በስልኬ ክፍሉን ፎቶ አነሳሁት፤ የስልኩን ብርሃን አስተካካይ በእጄ ቆልፌ። እውነተኛው ክፍልም ጨለማ ነው! ውጪ ጠራራው ላይ 100,000 ሉክስ ገደማ አለ፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። የክፍሌ ጥግ ላይ 100 አይሞላም። ሺህ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምደው አናስተውለውም። ካሜራ ግን መምረጥ አለበት። የጎደለኝ መብራት አልነበረም፤ ኤክስፖዠር ነው፣ ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን ልክ። ለጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ጥበት) 16፣ 1/100 ሰከንድ የሚባል የፎቶግራፈሮች የቆየ ልክ አለ። ለክፍል ውስጥ በዚያው አይኤስኦ ኤፍ 8 ሰጥቼ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስከፍተው ክፍሉ ቀስ ብሎ ወጣ። መስኮቱ ግን ነጭ ሆኖ ተቃጠለ። ይቃጠል። ደንበኞች ውስጡም ደምቆ የውጪውም አትክልት ጥርት ብሎ እንዲታይ ይፈልጋሉ። እንጀራ ነውና አንዳንዴ አደርግላቸዋለሁ። እኔ ግን ትንሽ የተቃጠለ መስኮት ያለበት ሥዕል ይበልጥ አምናለሁ።

ቀለሙን ስመልስበት ደግሞ ጣሪያው አረንጓዴ ነካው። ፕሮግራሙ የተሳሳተ መሰለኝ። ቀና ብዬ የራሴን ጣሪያ አየሁ። አረንጓዴ ነክቶታል! ስድስት ወር ስኖርበት አላየሁትም። ፀሐይ ዘይት ቀለሙ ላይ አርፋ፣ አረንጓዴውን ተሸክማ ወደ ላይ ትመለሳለች። የቆርቆሮውም ነገር እንዲሁ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ጠዋት ላይ የሚያንፀባርቀው ብርሃን ጣሪያችሁ ላይ ሲንቀሳቀስ። ከዚያ በኋላ ሳሎን ስሠራ በመስኮቱ ትይዩ የጎረቤቱን ጣሪያ፣ አጥሩንና አስፋልቱን በሳጥንም ቢሆን አስቀምጣለሁ። ካሜራው አያያቸውም። ብርሃኑ ግን ያያቸዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር አለች። ነጭ ግድግዳ ፍጹም ነጭ መሆን የለበትም። እውነተኛ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማ ነው የሚመልሰው። ፕሮግራሙ ላይ የመጨረሻውን ነጭ ከሰጣችሁት ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አያልቅም፤ ክፍሉ በወተት የተሞላ ይመስላል።

አምፖሎቹን በተመለከተ ግምት ትቻለሁ። የአምፖሉን ካርቶን አነባለሁ። 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረውን ያህል ማለት ነው። ቀለሙም ካርቶኑ ላይ አለ። 2700 ኬልቪን ቢጫው ነው፣ 6500 ደግሞ ያ ፋርማሲ የሚመስለው ነጭ። ለስፖት ላይት አምራቾች አይኢኤስ የሚባል ፋይል ያወጣሉ። መብራቱ ብርሃኑን በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚረጭ የተለካበት ፋይል ነው። ግድግዳው ላይ ያ ቅስት የመሰለ ጥላና ብርሃን የሚመጣው ከእሱ ነው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ብርቅ አይደለም። ባለቤቴ ሻማ ለኮሰች፣ የቻርጅ መብራቷንም ወጥ ቤት አስቀመጠች። ሻማው 1900 ኬልቪን ገደማ፣ ሞቅ ያለ ብርቱካን። ከወጥ ቤት የሚመጣው ብርሃን በረዶ። ልጄ በሁለቱ መሃል ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ጉንጯ ብርቱካን፣ አንድ ጉንጯ ሰማያዊ። በማግሥቱ ያንን ምሽት ሬንደር አደረግኩት። ሁለት መብራት ብቻ። ከ43ቱ መብራት ሳሎን ይልቅ ሰው የሚኖርበት ቤት መሰለ። ለደንበኛ አሳይቼው አላውቅም። ማን ነው በመብራት መጥፋት ቤት የሚገዛው?

ወደ እትዬ ልመለስ። በደወሉልኝ ማግሥት ሄጄ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ኮሎራዶ ምናምን ስል ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና "ታዲያ የእኔን ቡና አሜሪካ ወስደህ አፈላኸው?" አሉኝ። ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በራሴ ጊዜ ሞዴሉን እንደገና ከፍቼ፣ ሚያዝያን፣ ግንቦትንና ጥቅምትን በየሰዓቱ አይቼ፣ ቴራሱ ላይ የእንጨት ርብራብ ሳልኩላቸው። የመጀመሪያው ሥዕል ርብራቡን በጣም አራርቄው ስለነበር ግንቦት ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ጥላው ግማሽ አልሞላም። አጠጋጋሁት። እሳቸው ደግሞ ርብራቡ ላይ ፓሽን ፍሩት ተከሉበት። ያንን እኔ አልሳልኩትም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ውስጥ ጠርተውኝ ሄድኩ። ሐረጉ ርብራቡን ሸፍኖታል። ስኒዎቹ ላይ፣ ረከቦቱ ላይ፣ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ፈሷል። ቅጠሎቹ ከረከቦቱ ሁለት ሜትር ከምናምን ከፍ ይላሉ። በልቤ አሰላሁት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አንዷን ክብ በአውራ ጣቴ ለካኋት። ሁለት ሴንቲ ገደማ ናት።

"ምን ወደቀብህ?" አሉኝ እትዬ።

"ምንም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ያዝ፣ ሳይቀዘቅዝ።"